ካንሰርን ቀድሞ መመከት፤ የኢያን ፍሬዘር የምርምር ሕይወት



ክትባት ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው ፈንጣጣ ወይም ኩፍኝ ነው። ካንሰርን በመርፌ መከላከል ይቻላል የሚለው አሳብ ግን ለረጅም ዘመን ከምኞት አያልፍም ነበር። አሳቡን ወደ ተግባር ካደረሱት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ኢያን ፍሬዘር ናቸው። የእኚህ ሰው የሥራ ዘመን የሚያስተምረው ስለ ድል ብቻ አይደለም፤ መከላከሉ ተሳክቶ ሳለ ፈውሱ ለምን እንዳስቸገረም ጭምር ነው። (በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ፍሬዘር በ1953 በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ ተወለዱ። በኤዲንብራ ሕክምና ተምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አውስትራሊያ ተሻገሩ። በሜልቦርን ባደረጉት ጥናት፣ የሰውነት መከላከያ ኃይላቸው የተዳከመ ሕሙማን ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለውን ቫይረስ ማሸነፍ እንደሚሳናቸው ተመለከቱ። በዚያው ጊዜ፣ በ1983ና በ1984፣ የጀርመናዊው የሐራልድ ዙር ሃውዘን ቡድን በማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ የዚህን ቫይረስ 16ኛና 18ኛ ዓይነቶች አገኘ። እነዚህ ሁለቱ ከዚህ ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያስከትላሉ።

ይሁን እንጂ ቫይረሱ በቤተ ሙከራ በቀላሉ አይራባም፤ ካንሰር አምጪ ጂኖቹን እንደ ያዘ ለጤነኛ ልጅ መስጠትም የማይታሰብ ነው። መፍትሔው የመጣው በ1989 ፍሬዘር በካምብሪጅ ቻይናዊውን ተመራማሪ ዶክተር ዥያን ዡን ካገኙ በኋላ ነው። ዡና ባለቤታቸው ሺያው ዪ ሱን ወደ ብሪዝበን ሄደው ከፍሬዘር ጋር ሠሩ። በ1991 ኤል-አንድ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን በራሱ ተሰካክቶ ቫይረሱን የሚመስል ቅርፊት ሲሠራ ታየ። ሙሉው ቅርፊት ከ360 የፕሮቲን ቅንጣቶች ይገነባል፤ በውስጡ በሽታ የሚያመጣ አንዳች ነገር የለም፤ የሰውነት መከላከያ ግን እንደ እውነተኛ ጠላት ይቈጥረዋል።

ግኝቱ ወደ ሕዝብ እስኪደርስ 15 ዓመት ወሰደ። በአሜሪካ የዳግላስ ሎዊና የጆን ሺለር ሥራም ለፍጻሜው ታላቅ ድርሻ ነበረው። ዡ ግን ይህን ቀን አላዩም፤ በ1999፣ ገና በ42 ዓመታቸው አረፉ። ክትባቱ በ2006 ሲፈቀድ በብሪዝበን መርፌውን የወጉት ፍሬዘር ብቻ ነበሩ።

ክትባቱ የሚያስነሣቸው ፀረ አካላት ቫይረሱን የሚይዙት ወደ ሕዋስ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ አይደርሱበትም። ስለዚህ ፍሬዘር ቀድመው ለተያዙት ሴቶች ፈዋሽ ክትባት ለማግኘት ብዙ ዓመት ደከሙ። ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ኢ-ሰባት የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን የሚያመርት ቆዳ ከአይጥ ወስደው በሌላ አይጥ ላይ አጣበቁ። የተቀባዩ መከላከያ ኃይል ባዕዱን ፕሮቲን ለይቶ ማወቅ ቢችልም ቆዳውን አልጣለውም። ከዚህ የተገኘው ትምህርት፣ ተዋጊ ሕዋሳትን ማብዛት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የታመመው ሥጋ ራሱ ሊያደነዝዛቸው እንደሚችል ነው።

በ2024 በስኮትላንድ የወጣ ጥናት፣ በ12 ወይም በ13 ዓመታቸው ክትባቱን ከወሰዱት ሴቶች መካከል በማኅፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲት እንኳ እንዳልተገኘች ገለጸ። የፍሬዘር የትውልድ አገር የልጇን የድካም ዋጋ አየች ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች ከጡት ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘ ሲሆን፣ ክትባቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2018 ነው። ልጂቱ ተከተበች፤ እናቷ ግን የክትባቱ ዘመን አልፏታል። ፈዋሹ ክትባት እስኪገኝ ድረስ እናቲቱን የሚያድናት በሽታው ሥር ሳይሰድ የሚደረግላት ምርመራና ሕክምና ነው። ስለሆነም ልጇን ለክትባት ይዛ የመጣችን እናት፣ እርስዋስ ተመርምራ እንደሆነ ሳይጠይቁ ማሰናበት ከሥራው ግማሹን ትቶ እንደ መሄድ ይቈጠራል።