የውስጥ እግር ሕመም፦ መነሻውና ማስታገሻው
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



በሬ ሲያነክስ ማናችንም ቀንበር አንጭንበትም። እግሩን አንስተን ሰኮናውን እናያለን፤ እሾህ ካለ እንነቅላለን፤ ካልሆነም የእንስሳት ሐኪም እንጠራለን። የራሳችን እግር ሲያመን ግን «ይለቀኛል» ብለን እርፍ እንጨብጣለን። ዛሬ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር መለስ ብለን ስለ ውስጥ እግር የምንነጋገረው ለዚህ ነው። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚዘራ ሰው ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል። እርሻው ከዘገየ ዘሩም ይዘገያል። የሚያመውን እግር እየሸሸ የሚረግጥ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ጉልበቱንና ወገቡንም ያመዋል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ድረስ በውስጥ እግር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ። መሬት የማይነካውን የእግር መሐል፣ ማለትም ቅስቱን፣ ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ሞፈርን ከቀንበር ጋር እንደሚያስረው ምራን ቁጠሩት። ምራን ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ይተለተላል። ይህም ጅማት ከአቅሙ በላይ ሲጫን በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳል። ዋናው ምልክቱ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች መውጋታቸው ነው። ትንሽ ሲራመዱ ይቀልላል፤ ከቀን ሥራ በኋላ ደግሞ ይመለሳል።

በእኛ አካባቢ ሕመሙን የሚያመጡት በብዛት እነዚህ ናቸው፦

1. ድንገት የሚበዛ ሥራ። ሳምንታት ቀለል ባለ ሥራ ቆይተን እርሻው ሲደርስ ከንጋት እስከ ማታ በጓልና በትልም ላይ እንውላለን። በአጨዳ ጊዜም 100 ኪሎ ኩንታል ተሸክመን እንጭናለን። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴና የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ የወጡበት አገር ሰዎች ነን። ሯጭ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ አይሮጥም፤ ርቀቱንም ቀስ በቀስ ይጨምራል። ገበሬም እንዲሁ ማድረግ አለበት።

2. ጫማ። ሶሉ ያለቀ ኮንጎ ጫማና ስስ ሸበጥ ቅስቱን አይደግፉም። ሰፊ ቦቲም እግር ውስጡ ስለሚንሸራተት፣ ዋልካ ሲጣበቅበት ደግሞ ስለሚከብድ እግርን ያደክማል።

3. የባት መጠንከር። ባት ሲጠነክር ተረከዝን ወደ ላይ ይስባል፤ የውስጥ እግሩም ጅማት ይወጠራል።

4. የእግር አፈጣጠር። እግራችሁን አርጥባችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ርገጡ። የእግራችሁ መሐል ሙሉ በሙሉ ከታተመ እግራችሁ ጠፍጣፋ ነው። ተረከዝና ጣት ብቻ ከታተሙ ቅስታችሁ ከፍተኛ ነው። ሁለቱም በሽታ አይደሉም፤ ግን የጫማ ምርጫ ላይ መጠንቀቅ ያሻል።

የሰውነት ክብደት መጨመር፣ እርግዝናና በጠንካራ ወለል ላይ ረጅም ሰዓት መቆምም ሕመሙን ያባብሳሉ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ሥራውን ቀንሱ እንጂ ጨርሳችሁ አትተኙ። በወንፈል ወይም በደቦ ሌላ ሰው ሲያርስ እናንተ ተቀምጠው የሚሠሩትን ሥራ ያዙ።

ጠዋት ገና መሬት ሳትረግጡ፣ የሚያመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አድርጉ። ጣቶቹን ወደ ቅልጥም ሳቡና እስከ 10 ቁጠሩ። ይህንን 10 ጊዜ ድገሙት። በቀን 3 ጊዜ ሥሩት።

ለባት ደግሞ ግድግዳ ተደግፋችሁ የሚያመውን እግር ወደ ኋላ አድርጉ። ጉልበቱ ቀጥ ይበል፤ ተረከዙ ከመሬት አይነሣ። 30 ሴኮንድ ቆዩ፤ 3 ጊዜ ድገሙ።

ማታ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ በውስጥ እግራችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ አንከባልሉት።

ጫማ ስትገዙ እግር እብጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ ግዙ። በእጃችሁ ስታጥፉት ጣት ጋ እንጂ መሐሉ ላይ የማይታጠፍ ይሁን። ተረከዙ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ንጣፍ ያለው ምረጡ። ሕመሙ እስኪለቅ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አትሂዱ።

የማስታገሻ ክኒን ያለ ባለሙያ ምክር ገዝታችሁ አትዋጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመውን ሰው ይጎዳሉ። የሚያመውን ቦታ ማስተኮስም ቁስል ከመጨመር በቀር አይረዳም።

ይህ ሕመም በሳምንት አይጠፋም። አብዛኛው ሰው ግን እንቅስቃሴውን ሳያቋርጥ ከሠራ በወራት ውስጥ ይድናል።

«አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አርሰው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። አበበ ቢቂላም በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፏል። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ሲደግመው ግን ጫማ አድርጎ ነበር። ለእኛ ጫማ ሌላም ጥቅም አለው። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋ ቦታዎች የሚገኘው ቀይ አፈር ለዓመታት ባዶ እግርን ሲነካ በአንዳንድ ሰው ላይ ዝሆኔ ያመጣል። ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን በሳሙና እየታጠቡና ጫማ እያደረጉ መከላከል ይቻላል።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ?

የሚከተሉት ከታዩ ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም፦

• እግር ሲደነዝዝ ወይም ቁስል ኖሮ ሳያም ሲቀር፤
• እግር ሲያብጥ፣ ሲቀላና ሲግል፣ ወይም ትኩሳት ሲኖር፤
• የእግር ላይኛው ክፍል ሲያቃጥል፣ ሲያሳክክና ማበጥ ሲጀምር፤ ይህ የዝሆኔ መነሻ ሊሆን ይችላል፤
• ከመውደቅ ወይም ከወለምታ በኋላ መርገጥ ሲያቅት፤ እንዲህ ሲሆን ከመታሸት በፊት አጥንቱ መታየት አለበት፤
• የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን ሲያመው፤
• ያልነውን ሁሉ አድርጋችሁ በ6 ሳምንት ለውጥ ሲታጣ።

ጤና ጣቢያው ካስፈለገ ወደ አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ይልካችኋል።

ውድ አርሶ አደሮች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ለእያንዳንዳችሁ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው፦ በቡድናችሁ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚያነክስ ሰው ካለ ጠይቁት። ሁለቱን እንቅስቃሴዎች አሳዩት። ከዘረዘርናቸው ምልክቶች አንዱ ካለበት ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ውሰዱት። እማወራዎችንም አትርሱ፤ ከእርሻው ሌላ ውሃና እንጨት ተሸክመው የሚመላለሱት በዚሁ እግር ነው።