መታሸት ደግ ነው፤ ስብራት ግን አይታሽም
(በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን ስለ ጤና ጥቂት እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ነርስ ስለነበርኩ ስለ መርፌና ስለ ክኒን የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የማነሣው በየቤታችን ያለውን ነገር፣ መታሸትን ነው።

ከመካከላችን ወገቡን ወይም ትከሻውን ቅቤ ተቀብቶ ያልታሸ ማን አለ? ልማዱ ከንቱ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲሸከም ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ የዋለ ሰው ጡንቻው ይኮማተራል። የለመደ እጅ ሲያሸው ይላላል፣ ሕመሙም ለጊዜው ቀለል ይላል። በሆስፒታልም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር አጣምረው ይሠሩበታል። ነገር ግን መታሸት ሕክምናን ያግዛል እንጂ አይተካም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒቱን ትቶ በመታሸት የሚተማመን ሰው ራሱን ይጎዳል።

ወጌሻዎችን ላወግዝ አልቆምኩም። በ1978 እ.ኤ.አ. በአልማ አታ የወጣው የዓለም የጤና መግለጫ እንኳ የባህል ሐኪሞች እንደ አስፈላጊነቱ ተገቢውን ሥልጠና አግኝተው ከጤና ሠራተኞች ጋር አብረው እንዲሠሩ ይላል። የሰፈራችን ወጌሻ ጋሼም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።

እስቲ የራሴን ልንገራችሁ። የእኅቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ መጣ፣ አሸው፣ በሸንበቆ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። እኔ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ «አጥንት ሲገጥም ያማል፣ ቻለው የኔ ልጅ» እያልኩ ያባበልኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ጣቶቹ ጠቆሩ። ሆስፒታል ስናደርሰው እጁ ሞቶ ነበር፤ ተቆረጠ። ስለዚህ ጥፋቱን በወጌሻው ላይ ብቻ አልጥልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል። ማሰሪያው ግን አይለጠጥም፤ እያነቀ ደሙን ያቆመዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ የታሰረ ሰው ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ «እስኪነጋ» አትበሉ። ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱት፣ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የማይታሸውንም ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ስብራት ወይም ውልቃት የተጠረጠረበት አካል አይታሽም። ክንድ ከሆነ ሳይነቃነቅ በነጠላ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይወሰዳል።

ሁለተኛ፣ ወለምታ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይታሽም። ቀዝቃዛ ውኃ የነከረ ጨርቅ ይደረግበት፣ እግሩም ከፍ ይበል።

ሦስተኛ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያምና የሚያተኩስ ከሆነ፣ በተለይ አራስ ወይም ብዙ ቀን የተኛ ሰው ከሆነ፣ እንዳትነኩት። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ሲታሽ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል።

አራተኛ፣ የነፍሰ ጡር ሆድ ሕፃኑን ለማዞር ተብሎ አይታሽም።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ብዙዎቻችን ወጌሻ ጋ የምንሮጠው ሐኪም ንቀን ሳይሆን የመኪናና የራጅ ገንዘብ ስለሚያጥረን ነው። እድራችን ለቀብር ያዋጣል። ክንዱ ለተሰበረ ልጅም ከሣጥኑ ላይ በብድር የሚሰጥ ጥቂት ብር ቢመድብ ምን ይለዋል? የሞተውን በክብር እንደምንሸኝ ሁሉ፣ ያለውንም እጁ ሳይቆረጥ እናቆየው።