ጠምበለልና ሎሚ በስኒያችን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ በጉለሌ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በእንጦጦ ግርጌ ተሰብስበን ስለ ቡና መዓዛ እንድናገር በመታዘዜ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ጉለሌ ደጋ በመሆኑ የቡና አገር አይደለም፤ ዳሩ ግን ዛሬ የማነሣውን ጉዳይ ያስተማረኝ ይኸው ዳገት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና ቀምሼ፣ ከእኔ በፊት የቀመሱት ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ በቅጹ ላይ «ጃዝሚን» ብዬ ጻፍሁ። በአጠገቤ ሆኖ ሥራ ይማር የነበረ ወጣት «ጋሼ፣ ጃዝሚን ምን ዓይነት አበባ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። አበባውን አይቼውም አሽትቼውም አላውቅም ነበርና። ከወራት በኋላ በዚህ ዳገት ስመላለስ፣ በቁጥቋጦ ላይ የተጠመጠመ ነጭ አበባ ያለው ሐረግ አገኘሁ። ባሸተው ያ የይርጋ ጨፌ ስኒ ትዝ አለኝ። እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ እናት ስሙን ብጠይቃቸው፣ «ጠምበለል ነዋ!» አሉኝ። ጃዝሚን የምንለው የጠምበለል ዘመድ ኖሯል።

እንግዲህ ይህ መዓዛ ከቅዠት የመጣ አይደለም። በአበባውና በሎሚ ልጣጭ ውስጥ የሚገኘው ሊናሎል የተባለ በናኝ ውሕድ በቡናም ውስጥ ይገኛል። የሎሚው ኮምጣጣነትም በእሸት ቡናው ውስጥ ካለው የሲትሪክ አሲድ ጋር የተያያዘ ነው። በከፍታ ቦታ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ በሚገባ ተፈልፍሎ፣ ተብላልቶና ታጥቦ ሲደርቅ ጣዕሙ ጠርቶ ይወጣል።

ብዙዎቻችን ግን በቤታችን ይህን አናገኘውም። ምክንያቱም እኛ ቡናውን እስኪጠቁር እንቆላዋለን፤ ያ ስስ መዓዛ ከጢሱ ጋር ይሄዳል። በቅምሻ ክፍል ግን አቆላሉ ቀላ ያለ ነው፤ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና በ150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ ተነክሮ፣ ከ4 ደቂቃ በኋላ አረፋው ይሰበራል። የቤታችን ቡና ግን የራሱ ጥበብ አለው። እናቶቻችን በስኒው ላይ ጤና አዳም ጣል ያደርጋሉ፤ ጤና አዳም ደግሞ በዕፅዋት አመዳደብ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። የሎሚን መዓዛ ከቡና ጋር ማስማማትን ማንም ከውጭ አላስተማረንም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተሰበሰበው የጌሻ ዘር በታንዛንያና በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያች አገር ውድድር ቀርቦ በአበባና በሎሚ መዓዛው ዳኞችን አስደነቀ፤ አንዱ ፓውንድም በ21 ዶላር ተሸጠ። ኢትዮጵያም ስለ ይርጋ ጨፌ፣ ስለ ሲዳሞና ስለ ሐረር ስሞች ባለመብትነት ተከራክራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። የቦታውን ስም ካስከበርን፣ የጣዕሙን ስም ለምን ለሌላ እንተዋለን? ቡናው ከ80 ነጥብ በላይ አግኝቶ «ልዩ» መባሉን የሰማ ገበሬ፣ ለምን እንደተመሰገነ ካልገባው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሊደግመው እንዴት ይችላል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለገዢው የምንጽፈው በገዢው ቋንቋ ይሁን፤ ንግድ ነውና። ከጎኑ ግን ጠምበለል፣ ሎሚ፣ ትርንጎ፣ መንደሪን፣ ጤና አዳም ብለን እንጻፍ። ቤርጋሞትን የመሰለ በአገራችን ያልተለመደ ፍሬ ሲያጋጥመን በስሙ እንጥራው እንጂ የማይሆን ፍች አንስጠው። ወጣቶችን ስናሠለጥንም ጠርሙስ ከማሽተታቸው በፊት አበባውንና ፍሬውን በእጃቸው ይዘው ያሽትቱ።

ያን ቀን ለጠየቀኝ ወጣት መልሱን ያደረስሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ይዤለት ሄድሁ። አሽትቶ ዝም አለ፤ ቀጥሎም «ይኼማ እኛ ሰፈር አጥር ላይ አለ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን መዓዛ ከስኒ ውስጥ ለይቶ ለማውጣት የማንም እርዳታ አላስፈለገውም።