የኅብረተሰብ ጤና ምንድን ነው? እንዴትስ ይመረመራል?

በቤተ ልሔም ለጉባኤ ቤት መምህራን፣ ለደቀ መዛሙርትና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



ሰው ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በዚያ የሚቀበለው ባለሙያ የሚጠይቀው ስለ እርሱ ብቻ ነው፦ «ምንዎን ያምዎታል? ከመቼ ጀምሮ?» የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከዚህ መንደር ስንት ሰው ታመመ? ከወንዙ ማዶ ያሉት ስለ ምን ሳይታመሙ ቀሩ? አምና በዚህ ወር እንዲህ ያለ ነገር ነበርን? የፊተኛው የታመመውን ያክማል፤ የኋለኛው ገና ያልታመመው እንዳይታመም ይደክማል። የዚህ ሥራ ምስጋናው ጥቂት ነው፤ ሳይታመም የቀረ ሰው ማን እንደ ጠበቀው አያውቅምና።

ይህ ሙያ በአገራችን ሥር የሰደደው ከእናንተ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በደረሰ መከራ ምክንያት ነው። በደንብያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ አድጎም የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ልብ በሉ፤ በደንብያ በየቤቱ የሞተው ሰው ለየቤቱ አንድ ሐዘን ነበር። ሐዘኑ ሁሉ በአንድነት ሲቆጠር ነው ወረርሽኝ መሆኑ የሚታየው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ከሦስት ቀን በፊት፣ መጋቢት 1 ቀን፣ በሰሜን አሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ስካጊት በምትባል ወረዳ አንድ የመዘምራን ማኅበር ለልምምድ ተሰብስቦ ነበር። እናንተ የዜማ ሰዎች ናችሁና የእነርሱን ነገር በዝርዝር ልንገራችሁ። የተገኙት 61 ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጉንፋን የሚመስል ምልክት ነበረበት። ወንበራቸውን አቀራርበው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዘመሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 53ቱ የሕመሙ ምልክት ታየባቸው፤ 33ቱ በላቦራቶሪ ተረጋገጠላቸው፣ 20ዎቹ በምልክታቸው ተለዩ፣ 2ቱ ሞቱ። የወረዳው ጤና ቢሮ ለታመሙት ብቻ ሳይሆን በዚያ ምሽት ለተገኙት ሁሉ እየደወለ ጠየቀ፦ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ? ምን በላችሁ? ወንበሩን ማን አነሣ? ሕመሙስ በስንተኛው ቀን ጀመረ? ድምፅን ከፍ አድርጎ በአንድነት መዘመር በሽታውን በብርቱ ሊያዛምት እንደሚችል ዓለም ከተማረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ትምህርቱ የተገኘው በረቀቀ መሣሪያ ሳይሆን ሰዎቹ የጠየቋቸውን በእውነት ስለ መለሱ ነው።

እንግዲህ እዚህ ቤተ ልሔም ትኩሳትና ሳል ቢነሣ ምን እናደርጋለን? አስቀድመን «ታሟል» የምንለው ማንን እንደ ሆነ እንወስናለን፤ አንዱ መርማሪ ሳል ያለበትን ሁሉ፣ ሌላው ትኩሳት ያለበትን ብቻ ከቆጠረ ቁጥራቸው አይገናኝም። ቀጥለን ጤነኛውንም ጨምረን ሁሉን እንቆጥራለን። 20 ተማሪ ታመመ ቢሉን፣ ከስንት? ከ40 ከሆነ እኩሌታው ነው፤ ከ400 ከሆነ ከሃያ አንዱ ነው። በእያንዳንዱ ጎጆ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ማን ወደ የትኛው መንደር ለቁራሽ እንደሚወጣ እንጽፋለን። ቀኑን የረሳ ቢኖር በበዓል እንጠይቀዋለን፦ ከደብረ ታቦር በፊት ነው ወይስ በኋላ? (በዚህ ረገድ የቆሎ ተማሪ ከከተማ ሰው ይልቅ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።)

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ማነጻጸሩ ነው። ከታመሙት 20 ተማሪዎች 15ቱ ሌሊት በአንድ እሳት ዙሪያ ይቀጽሉ ነበር እንበል። እሳቱ ዳር መቀመጣቸው ነው ያሳመማቸው? ካልታመሙትም አብዛኞቹ በዚያው ይቀጽሉ ከነበረ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። ስለዚህ ጤነኛውን «አንተ ደኅና ነህ፣ ሂድ» ብለን አናሰናብተውም፤ የእርሱም ቃል ያስፈልገናል። በዚህ አገር «ድጓ አውቃለሁ» ያለ ሁሉ በቃሉ ብቻ አይታመንም፤ ቤተ ልሔም መጥቶ ያስመሰክራል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ኮሮናን ያድናል የሚለውም ወሬ እንዲሁ ነው። የወሰዱትና ያልወሰዱት ተነጻጽረው ሳይመሰከርለት መድኃኒት አይባልም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። ከሸዋ ወይም ከወሎ በእግሩ የመጣ፣ ለዓመታት የደከመ፣ ሊያስመሰክር ጥቂት የቀረው ተማሪ አንድ ማለዳ ትኩሳት ይሰማዋል። ቢናገር ከጉባኤው ያስወጡኛል፣ መንደሩም ቁራሽ ይነፍገኛል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሳሉን አፍኖ ከጓደኞቹ ጋር ያድራል። ይህን ተማሪ በመገሠጽ የምናተርፈው ነገር የለም። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ማንሣት ደግሞ በእናንተ እጅ ነው። የታመመ ተማሪ ቦታው እንደሚጠበቅለት መምህራን በጉባኤ ፊት ቢናገሩ፣ ለብቻው የሚያድርበት ጎጆ አስቀድሞ ቢዘጋጅ፣ መንደሩ ምግቡን ከደጁ ቢያደርስለት ተማሪው አይደብቅም። የማይደበቅ ሕመም ደግሞ ይቆጠራል። መርማሪው በበኩሉ ፈቃዱን ሳይጠይቅ ምንም አይመዘግብም፤ ስሙንም ለሌላ ሰው አይገልጥም። ይህ ካልተጠበቀ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር የበሽታው መጠን ሳይሆን የፍርሃቱ መጠን ይሆናል።

ጉባኤው የሚቀጥል ከሆነ ከቤት ውጭ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ተራርቆ በመቀመጥ ይሁን፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈን። የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና በየጎጆው ደጅ ይቀመጥ፤ ሳሙና ከታጣ አመድም ይረዳል። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገር፤ በነፃ የስልክ መስመር 8335ም መደወል ይቻላል።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከየኔታ እንጀምር።