ደቃቅ ማዕድንን ስለ ማድቦልቦል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)



ዛሬ የማነሣላችሁ ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ዱቄትን ድቡልቡል የማድረግ ሥራ ነው። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ግን ቀላል አይደለም።

በአሜሪካ አገር በሚነሶታ ታኮናይት የሚባል እጅግ ጠንካራ ድንጋይ አለ። በውስጡ ያለው ብረት ከመቶ ከ25 እስከ 30 ያህል ብቻ ነው። ብረቱን ለመለየት ድንጋዩን እንደ ዱቄት ፈጭቶ በማግኔት መሳብ ግድ ነው። ይሁን እንጂ ዱቄቱ እንዳለ ወደ ማቅለጫው ምድጃ ቢገባ፣ ከታች የሚነፋው ትኩስ አየር ከፊሉን ጠራርጎ ያወጣዋል፤ የቀረውም የአየሩን መተላለፊያ ይደፍናል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ዱቄቱ በጥቂት ውሃ ይረጥባል፤ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር በቶን ጥቂት ኪሎ ይታከልበታል፤ ከዚያም በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይንከባለላል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ስስ ውሃ እርስ በርሳቸው ስለሚያሳስባቸው፣ ሽምብራ የሚያህል ድቡልቡል ይወጣል። ይህ ገና ጭብጦ ነው፤ በጣት ቢጫን ይፈርሳል። በ1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲተኮስ ግን ይጠነክራል። ማግኔታይት የተባለው ማዕድን ከኦክሲጅን ሲዋሐድ ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ ነዳጅም ይቆጠባል። በመጨረሻ የብረቱ መጠን ከመቶ 65 ያህል ይደርሳል።

አሳቡ የቆየ ነው። አንደርሶን የተባለ ስዊድናዊ በ1912 ፓተንት አግኝቶበታል። በሚነሶታ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ዴቪስ ታኮናይትን ከ1910ዎቹ ጀምሮ ሲመረምሩ ኖረው፣ በሲልቨር ቤይ ትልቁ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። 40 ዓመት ያህል ትዕግሥት መሆኑን ልብ በሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ፋብሪካው ብረቱ የወጣለትን ትራፊ ዱቄት፣ በቀን 67,000 ቶን ያህል፣ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ይደፋ ነበር። በ1973 በዱሉት ከተማ የመጠጥ ውሃ ውስጥ አስቤስቶስ መሳይ ጭረቶች መገኘታቸው ተነገረ። በ1974 ዳኛ ማይልስ ሎርድ ፋብሪካው እንዲዘጋ አዘዙ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙን ወዲያው አገደው። ወደ ሐይቁ መድፋቱ የቆመው በ1980 ነው።

ጓደኞቼ፤ ያም ትራፊ ዱቄት ነበር። ለሚሸጠው ዱቄት 40 ዓመት ታሰበ፤ ለሚጣለው ግን የተመደበለት ቦታ ሰው የሚጠጣው ውሃ ሆነ። ስለዚህ ነገ ፋብሪካ የምንመራ ሁሉ የምናመርተውን ስንቆጥር የምንጥለውንም አብረን እንቁጠር።