ስለ ቆዳ ጽናት



በወይጦ ሸለቆ የፀማይ ሴቶች የሚለብሱትን ሌጦ የፋቀ ሰው፥ የቆዳን ጽናት በእጁ ያውቀዋል። ቆዳን አጽንቶ የሚይዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ እርሱም በሰውም በከብትም ሦስት ክር ሆኖ እንደ ገመድ ይገመዳል። ገመዱ መጀመሪያ ሲሠራ በሁለቱ ጫፎቹ ትርፍ አለበት፤ ትርፉ ካልተቆረጠ ገመዶቹ ተስተካክለው ሊደረደሩ አይችሉም። የአንደኛውን ጫፍ ትርፍ የሚቆርጠው፥ አዳምቲኤስ 2 በሚባለው ጂን ትእዛዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። (ስሙ አባታችንን አዳምን ቢመስልም ከፊደላት የተገጣጠመ ነው እንጂ ከእርሱ የመጣ አይደለም።)

የዚህ መቁረጫ መጉደል አስቀድሞ የታወቀው በከብት ነው። በቤልጅግ አገር ቆዳቸው በጥቂት ነገር የሚቀደድ ጥጆች ተገኝተው ነበርና፥ ሊቃውንት በ1971 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ምክንያቱን አስረዱ። በ1992 ያው ሕመም በሕፃናት ታወቀ፤ በ1999 የጂኑ ጉድለት በሰውም በጥጃም ተገለጠ።

ሕመሙ እጅግ ብርቅ ነው። ልጁ የሚታመመው ጉድለቱን ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ እንደ ሆነ ነው፤ እነርሱ ግን ጤነኞች ናቸው። ስለዚህ ቆዳው ልል የሆነ፥ በጥቂት መውደቅ ሰፊ ቁስል የሚከፈትበት፥ ሰውነቱ ቶሎ የሚበልዝ ተማሪ ብታዩ፥ ርግማን ነው አትበሉ፤ ሐኪም ሳያየውም በቤተ ሰቡ ላይ አትፍረዱ። ቁስሉ እንዴት እንደ ጀመረ ለሐኪሙ ይነገረው። ልጁ ሲጫወት ጉልበቱና ቅልጥሙ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን።