ስንቁን ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ባቡር፦ ከጓሮ ሐዲድ ወደ ኮምቦልቻ መስመር



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጨዋታ መስሎ እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ደሴ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ጓሮ፣ ከጎመኑ መደብ ጎን፣ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ትንሽ የባቡር ሐዲድ ዘርግቻለሁ። በላዩ ላይ በባትሪ የሚሠራ አንድ ሎኮሞቲቭ ሦስት ፉርጎዎች እየጎተተ ይመላለሳል። ሥራውን የጀመርሁት ለማስተማሪያ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ለዛሬው ንግግር ያበቃኝ ግን የጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። ባቡሩ ጎመኑን ዞሮ ሲመለስ ስታይ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ የኮምቦልቻው ለምን እንደዚህ አይሄድም?» አለችኝ። ለልጅ የሚሆን አጭር መልስ አላገኘሁም። ዛሬ የማቀርብላችሁ የዘገየውን መልሴን ነው።

በቅድሚያ ጥያቄው የተነሣበትን መስመር እናስታውስ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል፣ በወልዲያ አቅራቢያ ወዳለችው ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ሐዲድ ርዝመቱ 392 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ውሉን እ.ኤ.አ. በ2012 ተፈራርሞ በ2015 ግንባታው በይፋ ተጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለተኛው ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ 122 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ባቡሮቹ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ የ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ እየተቀበሉ እንዲሄዱ ተነደፈ። ሐዲዱ ተነጠፈ፤ ዋሻው ተፈለፈለ፤ ጣቢያው ቆመ። የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ግን ከግንባታው ጋር እኩል አልተራመደም። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 አካባቢያችን የደረሰበት ጦርነት በመስመሩ ንብረት ላይ ጉዳት አደረሰ። እናንተ ተማሪዎች ወደ ግቢ ስትመጡና ስትሄዱ የምታዩት ሐዲድ ይህ ነው።

አባቶቻችን ሩቅ አገር ሲሄዱ ሁለት ምርጫ ነበራቸው። አንደኛው በሶውን፣ ጭኮውን ቋጥሮ መውጣት ነው። ሁለተኛው በመሸበት መንደር «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ማደር ነው። ስንቅ የቋጠረ ሰው ማንንም አይጠብቅም፤ ዳገቱን ሲወጣ ግን ስንቁም አብሮ ይከብደዋል። የእግዜር እንግዳ ቀሎት ይሄዳል፤ የደረሰበት ቤት ከተዘጋ ግን ጾሙን ያድራል። ከሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበል ባቡር የእግዜር እንግዳ ነው። ባትሪ የጫነ ባቡር ስንቅ ቋጣሪ ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር በዚህ ላይ ያረፈ ነው፦ ስንቁ ምን ያህል ይከብዳል? የትስ ያደርሳል?

ወደ ጓሮዬ ልመለስ። በዓለም ላይ የጓሮ ባቡር የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የሐዲድ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን መጠን ከሁሉ በላይ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1968 ምርቱን ለገበያ ያቀረበው ኤል ጂ ቢ የተባለው የጀርመን የባቡር መጫወቻ ነው። ቁጥሩ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። 45 ሚሊ ሜትርን በ22.5 ብታባዙት አንድ ሜትር ግድም ይመጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የአሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋት ነው። ያንኑ 45 ሚሊ ሜትር በ32 ብታባዙት ደግሞ 1,440 ይሆናል፤ ይህ የኮምቦልቻው መስመር ስፋት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአንዱ ሐዲድ ላይ፣ የባቡሩን መጠን ብቻ በመለወጥ፣ የለገሃርን ዘመንም የዛሬውንም ማሳየት ይቻላል። እኔ የመረጥሁት 1 ለ32ን ነው።

የመጫወቻው ባቡር ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ከሁለቱ ሐዲዶች ነው። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ ጎማዎቹ ይሰበስቡታል። ለዚህም ሲባል ሐዲዱ ከነሐስ ይሠራል። እኔ ነሐስ የመግዛት አቅም ስላልነበረኝ ከብረታ ብረት ሥራ የተረፈ ጠፍጣፋ ብረት አስቆርጬ፣ በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ቸነከርሁት። በግንቦት ሥራው አማረ። ሐምሌ ሲገባ የደሴ ዝናብ ብረቱን አዛገው። ዝገት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ባቡሩ ሦስት ሜትር ሄዶ ይቆማል። በየጠዋቱ ሐዲዱን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ያዝሁ። አንድ ሳምንት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ሽቦውን ነቅዬ ባትሪውን በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐዲዱ ቢዝግም፣ መጋጠሚያው ቢላቀቅም፣ ቅጠል ቢረግፍበትም ባቡሩ ይሄዳል። ከሐዲዱ የሚፈለገው ጎማውን መሸከም ብቻ ሆነ። የባትሪ የመጀመሪያው ትሩፋት ይህ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ብልሽት ጉዞውን ሁሉ አያስቆምም።

ባትሪዎቹን ያገኘኋቸው ከተጣሉ ላፕቶፖች ነው። በላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ጣት የሚያህሉ የሊቲየም ሴሎች አሉ። የእያንዳንዱ ቮልቴጅ 3.7 ግድም ሲሆን፣ አራቱን በተከታታይ ስናያይዝ 14.8 ቮልት ይሰጣሉ። እዚህ ላይ የፈጸምሁትን ስሕተት ልናዘዝ። መጀመሪያ ሴሎቹን አንድ በአንድ ሳልለካ፣ የመከላከያ ሰርኪዩትም ሳላስገባ አያያዝኋቸው። ሦስቱ ደህና፣ አንዱ ደካማ ነበረ። በተከታታይ የተያያዘ ባትሪ እንደ በሬ ጥማድ ነው፤ ብርቱው ደካማውን እየጎተተ ይጨርሰዋል። ደካማው ሴል ቀድሞ አለቀ፤ ሦስቱ ግን ኤሌክትሪኩን በውስጡ ማስገደዳቸውን ቀጠሉ፤ ሴሉ ሊነኩት እስከማይቻል ድረስ ጋለ። ወደ ሜዳ አውጥቼ አሸዋ ላይ አስቀመጥሁት። እሳት አልተነሣም፤ ሊነሣ ግን ይችል ነበር። ተማሪዎቼ፣ አሮጌ ሴል ሳትለኩ፣ መከላከያም ሳታስገቡ አታያይዙ።

ከዚህ በኋላ መለካት ጀመርን። ሎኮሞቲቩና ፉርጎዎቹ ከነጭነታቸው 10 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። በላቦራቶሪ የስፕሪንግ ሚዛን ስንጎትታቸው በሜዳው ላይ 2 ኒውተን ያህል ጉልበት ጠየቁ። በመቶ ሜትር ሦስት ሜትር በሚነሣው ዳገት ላይ ደግሞ 5 ኒውተን ያህል ሆነ። ዳገቱ ሥራውን ሁለት እጥፍ ተኩል አደረገው ማለት ነው።

ሞዴል የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ትንሿ ባቡር በሜዳም ቢሆን በመዘወሪያዋና በጎማዋ ሰበቃ ብዙ ስለምትባክን፣ ዳገቱ ያን ያህል አዲስ ሸክም አይሆንባትም። የእውነተኛው ባቡር የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ግን ሰበቃው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ለግምት ከክብደቱ ሺህ እጅ ሁለቱን እንውሰድ። 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር በሜዳ 20 ኪሎ ኒውተን ያህል ይበቃዋል። በመቶ ሁለት በሚነሣ ዳገት ላይ ግን ከ200 ኪሎ ኒውተን በላይ ይፈልጋል፤ ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ባቡር የሜዳ ንጉሥ፣ የዳገት ባሪያ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በሐረጎ ዳገት ላይ ተሳቢ መኪና ሲያቃስት የምታዩ ሁሉ የዳገትን ነገር ታውቃላችሁ፤ በባቡር ላይ ልዩነቱ ከዚያ ይብሳል።

ሞዴል እውነት የሚናገርበትም ቦታ አለ። አንድ ኪሎ ግራም አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኢነርጂ በመጫወቻም በእውነተኛውም ባቡር አንድ ነው። ስለዚህ አንድ የሐሳብ ሙከራ እናድርግ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የከፍታው ልዩነት 650 ሜትር ያህል ይሆናል። ሐዲድ ቢኖር፣ ትንሿ ባቡሬ ጦሳ ሥር ለመድረስ ለመውጣቱ 64 ኪሎ ጁል፣ ለሰበቃው 50 ኪሎ ጁል፣ በድምሩ 114 ያስፈልጋታል። አራቱ ሴሎች የያዙት 117 ነው። ሞተሯ ግማሹን ስለሚያባክን አራቱ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ስምንት ሴል ግን በጭንቅም ቢሆን ያደርሳታል። ይህን ስሌት በክፍል ውስጥ ሳቀርብ ተማሪዎች አላመኑኝም ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ እንሻገር። አዋሽ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ለመሙላት ጥቂት ይቀራታል፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ናት። በመካከል ያለውን ውጣ ውረድ ትተን ልዩነቱን ብቻ ብንይዝ፣ 1,000 ቶን ባቡር ለመውጣቱ 2,300፣ ለ270 ኪሎ ሜትሩ ሰበቃ 1,500፣ በድምሩ 3,800 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ብክነቱ ሲታከልበት ወደ 4,700 ይጠጋል። ዋብቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ የሞከረው የባትሪ ሎኮሞቲቭ 2,400 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ያም ቢሆን ብቻውን አልሄደም፤ ከናፍጣ ሎኮሞቲቮች ጋር ተቀጥሎ የናፍጣውን ፍጆታ 11 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ለእኛ መስመር እንዲህ ያሉ ሁለት ሎኮሞቲቮች ተሟጠው ያልቃሉ፤ ለመጠባበቂያ የሚተርፍ የለም። የዋናውን መስመር ችግር በባትሪ እንፍታው የሚል ሰው ካለ፣ መልሴ ይህ ስሌት ነው። ለረጅም ዳገት ከሽቦ የተሻለ ነገር የለም።

የቁልቁለቱን ነገር ግን ሳላነሣ አላልፍም። ሞተር በጎማው ሲገፋ ጀነሬተር ይሆናል፤ ባቡሩ ሲወርድ ባትሪውን ሊሞላ ይችላል። በአውስትራሊያ የብረት ማዕድን ጭኖ ወደ ወደብ የሚወርድ ባቡር ባዶውን ለመመለስ የሚበቃውን ኢነርጂ በመውረዱ እንዲያገኝ የታሰበበት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ሆኗል። እነርሱ ከባድ ሆነው ይወርዳሉ፤ ቀለው ይወጣሉ። እኛስ? ማዳበሪያው፣ ብረቱ፣ ማሽኑ ከወደብ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ወደ ባሕር የምንልከው ከምናስገባው ያንሳል። ተራራው ውለታ የሚውለው ብዙ ለሚልክ አገር ነው። ይህን የምጠቅሰው የምህንድስና ስሌት የንግድ ሚዛናችንንም እንደሚያሳይ እንድታስተውሉ ነው።

ታዲያ የባትሪ ቦታው የት ነው? ታሪክ መልስ አለው። ሮበርት ዴቪድሰን የተባለ የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1842 የባትሪ ሎኮሞቲቭ በእውነተኛ ሐዲድ ላይ ሞከረ፤ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙ አላለፈም፤ ባትሪው የሚበላው ዚንክም ከድንጋይ ከሰል እጅግ የተወደደ ነበረ። በአንጻሩ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ለብዙ አሥርት ዓመታት የባትሪ ሎኮሞቲቮችን ሲጠቀም ኖሯል። ሌሊት ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የጥገና ሠራተኛውንና ዕቃውን የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። የተሳካው ሰው ባትሪን ከሽቦው ጋር ያላፎካከረ፣ ሽቦው በሌለበት ያሰለፈ ነው።

በዚህ መንገድ ሳስበው ለአካባቢያችን ሦስት ሥራ ይታየኛል። አንደኛው በጣቢያና በደረቅ ወደብ ግቢ ውስጥ ፉርጎ መለየትና ማቀያየር ነው፤ መንገዱ አጭርና ሜዳ ነው፤ ባትሪውም በየመካከሉ ይሞላል። ሁለተኛው የመስመር ጥገና ነው፤ ሽቦው ሳይሞላ ወይም ተቋርጦ ሳለ ሐዲዱን መመርመርና ዕቃ ማድረስ። ለዓመታት ባቡር ያልሄደበት ሐዲድ ይህን አጥብቆ ይፈልጋል። ሦስተኛው ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ዋናው መስመር ሊዘረጋ ለሚችል አጭር ቅርንጫፍ ነው፤ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ሽቦ ከመትከል ባትሪ ሊረክስ ይችላልና ሊጠና ይገባዋል። ሦስቱም ትንንሽ ሥራዎች ናቸው። በሦስቱም ላይ ግን የባቡር ምህንድስና ተምረው እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ልጆቻችን ሙያቸውን ሊያሟሹ ይችላሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖች በርክተዋል። ነገ ያረጀ ባትሪያቸውን ማን ይለካል? ማን ይለያል? ማን ዳግም ሥራ ላይ ያውለዋል? ጓሮ ውስጥ አራት ሴል ለክቶ ያላወቀ ሰው አራት ሺህ አይለካም። ጓሮ ለሌላችሁ የእኔ ጓሮ ክፍት ነው፤ ጎመኑን እንዳትረግጡ ብቻ እለምናችኋለሁ።

ለልጅቱም መልሱን ነገርኋት። «የእኔው ባቡር ስንቁን ይዞ ይሄዳል፤ መንገዱም አጭር ነው። የኮምቦልቻው ሩቅ መንገደኛ ስለሆነ በየመንገዱ የሚያበላው ይፈልጋል፤ አብሳዩ ገና አልደረሰም» አልኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «እስኪደርስ ድረስ ለምን ትንሽ በሶ አይዝም?» አለች።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዋ መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው።